ቃሉ ውስጥ ያለው ልጓም

ጥቅምት 4

ይድረስ ለወንድሜ ለቀለሜ፣ ባሕር እንጂ ልብ ላልለየን፤

ይህች ወረቀት በጤናህና በደስታህ ቀን እጅህ ትግባ። እኔ ጉልበቴን ከሚነዘንዘኝ ብርድ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም ቢሆን አሁን ዘመድ ሆኖኛል፣ ሲቀር ይናፍቀኛል። ሱቁም ደህና ነው። በሩ ዝናብ ከጠጣ አሁንም በትከሻ ካልተገፋ አይከፈትም። የአባዬ በርጩማ እንደ ድሮው መስኮቱ ሥር ነው፤ አሁን የምሰፋው እሱ ላይ ተቀምጬ ነው። ፊት ለፊቱ ያለው የእኔ የልጅነት በርጩማ ግን ባዶውን ይውላል። አንዳንዴ ደንበኛ ያርፍበታል።

ባለፈው ደብዳቤህ «አሁንም ከመጠቅለያ ወረቀት ነው እንግሊዝኛ የምትማሪው?» ብለህ ስቀህብኛል። አዎ፣ አሁንም። ክሩም ቀለበቱም መርፌውም የሚመጣው በታተመ ወረቀት ተጠቅልሎ ነው፤ ወረቀቱን በእጄ እዳምጠውና ትልቁን መዶሻ አስተኝቼበት ሳጥን ውስጥ አኖረዋለሁ። ግማሽ ጋዜጣ አለኝ፣ የመድኃኒት መመሪያ አለኝ፣ የማላውቀው ተማሪ የፈተና ወረቀትም አለኝ። ፈተናውን ሠርቼዋለሁ፤ የሚያርምልኝ አጣሁ እንጂ። ያን ሽፋን የሌለውን መዝገበ ቃላቴንም ታውቀዋለህ፤ ከ«ቢ» ይጀምርና «ፒ» ላይ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው ዓለም ለእኔ ጨለማ ነው።

አሁን ከዚያ ጨለማ አንድ ቃል መጣብኝ። አዲሱ የማስቲሽ ቆርቆሮ ላይ «እሳት አጠገብ ከመጠቀም ሪፍሬን አድርጉ» የሚል አለ። ነገሩ ገብቶኛል፤ እንዳታቃጥሉት ነው። ግን «አትጠቀሙ» የሚል አጭር ቃል እያላቸው ይህን ረጅሙን ለምን አመጡት? ጋሪ ነጂውን ጠየቅኩት፤ የፈረሱን ጠፍር ሊያሠራ መጥቶ ነበር። ቆርቆሮውን አገላብጦ አየና፣

«ይሄማ ስድብ ነው» አለኝ።

«በምን አወቅክ?»

«በቀይ ተጽፏላ!»

ስለዚህ ወዳንተ ላክሁት። ትርጉሙን ብቻ ሳይሆን የመጣበትንም ጻፍልኝ። አባዬ «ቃልና እንግዳ ከየት እንደመጣ ሳይጠየቅ ቤት አይገባም» ይል የለ?

እህትህ

ጥቅምት 27

ይድረስ ለእጀ ወርቋ እትዬ፣ ከእናት ላላነሰችኝ፤

ጤናሽን እንደ ዕለት እንጀራዬ እለምነዋለሁ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ከሥራ ስገባ ነው፤ ካፖርቴን ሳላወልቅ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። እንደምታውቂው ክፍሌ ከልብስ አጣቢዎች በላይ ናት። ማሽኖቹ ሲዞሩ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ አልጋዬ እንኳ ከግድግዳው እየሸሸ መሐል ቤት ይደርሳል። ስለ ጋሪ ነጂው ሳነብ ብቻዬን ስስቅ፣ ከታች ያለችው ሴትዮ በመጥረጊያ ጣራዋን ደበደበችብኝ።

ቃልሽን በሥራ ቦታዬ ካለው ትልቅ መዝገበ ቃላት ፈለግኩት። ሪፍሬን ማለት፣ ልታደርጊው እየቻልሽ፣ እጅሽም እየበላሽ፣ ራስሽን ይዘሽ መተው ነው። «አትጠቀሙ» ሲሉሽ ሌላ ሰው ነው የከለከለሽ። በዚህኛው ግን ከልካይዋም ተከልካይዋም አንቺው ነሽ። መታቀብ በይው።

አመጣጡን ስሚ እንግዲህ። ከላቲን ተነሥቶ፣ በፈረንሳይኛ አድርጎ ነው እንግሊዝኛ የገባው። ፊቱ ላይ ያለችው «ሪ» ወደ ኋላ ማለት ናት። ቀሪው «ፍሬኑም» ከሚል ቃል የመጣ ነው፤ ፍሬኑም ምን መሰለሽ? ልጓም! እውነቴን ነው፣ አባትሽ ጋሼ ዕድሜውን ሙሉ ሲሰፋው የኖረው ልጓም። ራስን እንደ ፈረስ በልጓም ወደ ኋላ መያዝ ማለት ነው። ሾፌሮቻችን «ፍሬን ያዝ!» የሚሉትም በጣልያንኛ በኩል የመጣልን የዚያው ቤት ልጅ ነው። እትዬ፣ አንቺ ማስቲሽ ቆርቆሮ ላይ ባዕድ ቃል አገኘሁ ስትዪ፣ ያገኘሽው አባትሽን ነው።

ይህን ሳነብ ዓይኔ እንባ አቀረረ። የምሠራው የፈረስ ዕቃ መደብር ውስጥ አይደል? ከኋላው ያለው መጋዘን ቆዳ ቆዳ ሲሸት የጋሼ ሱቅ ውስጥ ያለሁ ይመስለኛል። ለባለመደብሯ ስለ ጋሼ ልጓም ነገርኳት፤ «እስኪ እንዴት ነው የሚሰፋው?» አለችኝ። አፈርኩ። ልጅ ሆኜ ቆዳ ይሸተኛል እያልኩ እሸሽ ስለነበር የማውቀው የለኝም።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ያቺን ጋሼ «መላሽ» የሚላትን የልጓም ስፌቱን ሣይልኝ። በፍሬም አድርጌ ግድግዳዬ ላይ እሰቅላታለሁ። በዚህ በሚንቀጠቀጥ ቤት ውስጥ የማይነቃነቅ አንድ ነገር ይኑረኝ።

ወንድምሽ ቀለሜ

ኅዳር 15

ይድረስ ለወንድሜ፣ ከአባዬ ቀጥሎ ላስተማረኝ፤

እግርህ የረገጠበት ሁሉ ይለምልምልህ። ደብዳቤህን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርህም፤ ትስቅብኛለህ። ቃሉን ትራስ አድርጌው ከረምኩ። ለጋሪ ነጂውም ስድብ አለመሆኑን አስረዳሁት። «ታዲያ እኮ ትክክል ነው፤ ሾፌሩ ፍሬን አለው፣ እኔ ልጓም አለኝ፣ ሚስቴ ብቻ ናት ሁለቱም የሌላት» አለና ሄደ።

ግን አንድ ነገር ላርምህ፤ በመጽሐፍ ሳይሆን በቆዳ። «በልጓም ወደ ኋላ መያዝ» ብለሃል። ልጓም የሚጎትት መጥፎ ጋላቢ ነው። ደህና ልጓም አፍ ውስጥ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ፈረሱ ልጓሙ እንዳለ ያውቃል፣ ጋላቢውም እንዳለ ያውቃል፤ ይበቃል። አባዬ «የሚሳብ ልጓም ብረት ነው፤ የማይሳብ ልጓም መተማመን ነው» ይል ነበር። ያንተ ቃል ትርጉም እኔ እንደገባኝ መጎተት አይደለም፤ ሳይጎትቱ መቻል ነው።

ስፌቱን ሥዬልሃለሁ። ሳልነግርህ የማላልፈው፣ እጄ ሦስት ቀን እምቢ ብሎኝ ነበር። ታስታውሳለህ፣ «ይህ ስፌት ከበርጩማ ወደ በርጩማ ነው የሚሄደው፤ በሌላ መንገድ አይሄድም» ይል ነበር አባዬ። አንድም ቀን በወረቀት አላስነካም። በኋላ ግን ምን አልኩ፤ እሱ እኮ የዚሁ ቤት ልጅ ነው። እኛ ቤት ከመጣህ ቀን ጀምሮ አልጋችን አንድ ነበር። ኩፍኝ ይዞህ አባዬ ሌሊቱን ሙሉ ደረቱ ላይ አስተኝቶህ ያደረው ለማን ብሎ ነው? ቤቱን ለቤቱ ልጅ መስጠት መስጠት አይባልም።

ሁለቱ መርፌዎች በአንድ ቀዳዳ ይተላለፋሉ። ዛቡ፣ ጋላቢው በእጁ የሚይዘው ጠፍር፣ ከልጓሙ ቀለበት ጋር በሚጋጠምበት ቦታ አንዱ ክር ሌላውን እየረገጠ ይሄዳል፤ ስለዚህ ፈረሱ በሳበው ቁጥር ስፌቱ ይጠብቃል እንጂ አይላላም። አባዬ ጠፍሩን በጉልበቶቹ መሐል አቁሞ ሲሰፋ፣ እኔ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ እንዳየሁት አድርጌ ነው የሣልኩልህ። የጣቶቹን ቦታም አሳይቻለሁ፤ አውራ ጣቱ ላይ ያለችውን ጠባሳ ሳትቀር።

አንተም በተራህ ከመዝገበ ቃላት ላይ የ«አር»ን ገጾች ላክልኝ። አሮጌም ይሁን፣ ግልባጭም ይሁን። አንዲት ቃል ከመጣች ቤተ ዘመዶቿን ማወቅ አማረኝ።

እህትህ

ታኅሣሥ 22

ይድረስ ለእትዬ፤

እንደምን ከረምሽ? ሥዕሉ ደርሶኛል፤ ጉድ ነው! ባለመደብሯ በማጉያ መነጽር ነው ያየችው። ይቅርታ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው የዘገየሁት።

ጥቂት ጥያቄዎች አሉኝ። ክሩ ስንት ድርብ ነው? ሰሙ ውስጥ ሌላ ነገር ይገባል? የጠፍሩ ውፍረት ስንት ነው? ቀዳዳው ከቀዳዳ በምን ያህል ይርቃል? በልኬት ብትጽፊልኝ ደስ ይለኛል። በጣት አይሁን፤ እዚህ የማንም ጣት እኩል አይደለም።

የ«አር»ን ገጾች አልረሳሁም።

ቀለሜ

ጥር 8

ይድረስ ለወንድሜ፣ ሥራ ለበዛበት፣ ሥራ መብዛቱ ለሚያኮራኝ፤

ጤና ይስጥልኝ። ክሩ ስድስት ድርብ ነው። ሰሙ ንጹሕ የንብ ሰም ሆኖ፣ ላዩ ላይ ትንሽ ሙጫ ይገባበታል፤ በቀዝቃዛ ወቅት ሙጫው ይቀንሳል። ሌላውን ልኬት በማስመሪያ ለክቼ በጀርባው ጽፌልሃለሁ። ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ሥዕል ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል ብዬ አልጠየቅኩህም። ድሮም ቢሆን አንተ ነገር ካልጨረስክ እንቅልፍ አይወስድህም።

እኔም የምሥራች አለኝ። ከከተማው ወጣ ብሎ የፈረስ ግልቢያ የሚያስተምር ቤት ተከፍቷል። አስተማሪው የጋሪ ነጂውን ፈረስ ልጓም መንገድ ላይ አይቶ፣ «ይህን ማን ሠራው?» ብሎ እየጠየቀ ሱቄ ድረስ መጣ። አሥራ ሁለት ልጓም አዘዘኝ! አባዬ ካለፈ ወዲህ በዓመት ሁለት ልጓም ብሰፋ ነው፤ የቀረው ቀበቶና የቦርሳ እጀታ ነበር። አስተማሪው ሲሄድ በሩን ዘግቼ የአባዬ በርጩማ ላይ ቁጭ አልኩና ሱቁን ዙሪያውን አየሁት። ከእንግዲህ ቀበቶ መስፋት ሊቀርልኝ ነው። ስሙ ሊመለስ ነው፣ ቀለሜ። ሰዉ እንደገና «የባለልጓሙ ቤት» ሊለን ነው።

ሥዕሉን ሰቀልከው? የት ጋ? በመስኮቱ በኩል ነው ወይስ በአልጋህ?

እህትህ

የካቲት 19

ይድረስ ለወንድሜ፤

ደህና ነህ ወይ? ከታኅሣሥ ወዲህ ድምፅህ ጠፋ። ታመህ እንደሆነ ደብቀኸኝ እንዳትውል፤ የሰማሁ ዕለት የሚብሰው ያ ነው።

ስድስቱን ልጓም ጨርሻለሁ። ጋሪ ነጂው ስጽፍ አየኝና ጉድ አደረገኝ።

«ለማን ነው እትዬ?»

«ለወንድሜ።»

«ለዚያ ለማይመልሰው? ለፈረሴ ጻፊለት። እሱ ቢያንስ ጆሮውን ያነቃንቃል።»

ሳቅኩለት። አንተ ግን አንድ መስመር ጻፍልኝ፤ ጆሮህን እንዳነቃነቅክ እቆጥረዋለሁ።

እህትህ

መጋቢት 3

ይድረስ ለእትዬ፤

ደህና ነኝ፤ ሥራ ነው። በሚቀጥሉት ቀናት ከመደብራችን ጠበቃ አንድ ወረቀት ይደርስሻል። የመሥሪያ ቤት ወግ ነው፣ ሌላ ነገር የለውም። ሦስተኛው ገጽ ላይ በእርሳስ ምልክት የተደረገበት ቦታ ፈርመሽ በዚያው ፖስታ መልሽው። ቋንቋው ከባድ የሕግ ቋንቋ ስለሆነ ለማንበብ አትድከሚ።

ከዚህ በኋላ በሰፊው እጽፍልሻለሁ።

ቀለሜ

መጋቢት 26

ይድረስ ለወንድሜ፤

ወረቀቱ ደርሷል። አትድከሚ ብለኸኝ ነበር፤ ደከምኩ። ዘጠኝ ቀን ምሳ ሰዓቴን ወሰደብኝ። ከ«ቢ» እስከ «ፒ» ያሉትን ቃላት ከመዝገበ ቃላቴ፣ ከዚያ ወዲያ ያሉትን ከሳጥኔ ወረቀቶች እያመሳሰልኩ ነው ያነበብኩት። የመድኃኒቱ መመሪያ በጣም ረድቶኛል። የሕግ ሰዎችና የመድኃኒት ሰዎች በአንድ ቋንቋ ነው ለካ የሚያስፈራሩት።

የገባኝን ልጻፍልህ፤ ከተሳሳትኩ አርመኝ። መጀመሪያው ገጽ ላይ የአባዬ ስፌት አለ። ሥዕሉ የእኔ ነው፤ አውራ ጣቱ ላይ ያለችው ጠባሳ ግን ጠፍታለች። ስሙም መላሽ አይደለም፤ የመደብሩ ስም ነው የተሰጠው። «ፈልሳፊ» ከሚለው ትይዩ ያንተ ስም አለ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ይህን ስፌት ከመደብሩ በቀር ማንም እንደማይሠራው ይናገራል። ሦስተኛው ገጽ ስለ እኔ ነው። «የፈልሳፊው ዘመድ የሆነችው የቆዳ ሠራተኛ» ይለኛል። ይህቺ ሠራተኛ በስፌቱ ላይ ምንም መብት የላትም፤ ከእንግዲህም ስፌቱን ከመሥራት፣ ከመሸጥና ለሌላ ሰው ከማሳየት ሪፍሬን ታደርጋለች ይላል።

ያንን ቃል መፈለግ አላስፈለገኝም። ከሦስቱ ገጽ ሳልቸገር ያነበብኩት እሱን ብቻ ነው።

ቀለሜ፣ አንድ ጥያቄ ነው ያለኝ። ጥቅምት ላይ «ያገኘሽው አባትሽን ነው» ብለህ ስትጽፍልኝ፣ ይህን ወረቀት አስበኸው ነበር? ወይስ ሐሳቡ በኋላ ነው የመጣህ? መልሱ ያው አይደለም፤ ለእኔ ያው አይደለም።

እስክትመልስ አልፈርምም። የአሥራ ሁለተኛውን ልጓም ጠፍር ትናንት ቆርጫለሁ።

እህትህ

ሚያዝያ 29

ይድረስ ለእትዬ፤

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አዲስ መዝገበ ቃላት ልኬልሻለሁ። ሙሉ ነው፣ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው። ቃሌን አላጠፍኩም።

ለምን ዘገየህ ትዪኛለሽ። ስንቴ ጀምሬ ቀደድኩት መሰለሽ! እትዬ፣ ነገሩን በክፉ አትዪው። ባለመደብሯ ሥዕሉን ስታይ «የማን ነው?» አለችኝ፤ የቤተሰባችን ነው አልኩ። «ቤተሰብ አይመዘገብም፤ የሞተ ሰውም አይመዘገብም፤ አንድ ስም ስጠኝ» አለች። አጠገቧ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ስድስት ዓመት ሳጥን ተሸክሜ በዚያች ደረጃ ስወጣና ስወርድ ስሜን የጠራኝ አልነበረም። የዚያን ቀን ጠሩኝ። ወንበር ሰጡኝ። ምን ላድርግ? እምቢ ማለት ነበረብኝ፤ አውቃለሁ። አንቺ ብትሆኚ ትዪ ነበር።

የጋሼ ሥራ ዓለም አየው፤ ይህ አያኮራሽም? እዚያ ሱቅ ውስጥ ቢቀር የሚያየው የጋሪ ነጂ ብቻ ነው። ሌላ ባለመብት ነኝ ባይ እንዳይመጣ ጠበቃው ፊርማሽን ይፈልጋል። ካልፈረምሽ ከሥራ ያስወጡኛል። አንቺ ቀበቶም ቦርሳም መስፋት ትችያለሽ፤ እኔ ሌላ ምንም የለኝም።

ሌላው፣ ቀላል ጉዳይ ነው። ከተሸጡት ልጓሞች ሦስቱ ተመልሰውብናል። ፈረሱ አንገቱን ሲወረውር ስፌቱ ቀለበቱ ጋ ይተረተራል። አንዲት ጋላቢ ወድቃ ክንዷ ተሰብሯል። ሰፊዎቻችን ሥዕልሽን ነጥብ በነጥብ ነው የተከተሉት። ያስቀረሽው ነገር አለ? ሆን ብለሽ የደበቅሽን ነገር ካለ አሁን ንገሪኝ፤ ሁሉም የሚጠይቀው እኔን ነው።

ቀለሜ

ግንቦት 20

ይድረስ ለአክስቴ ልጅ፤

የሚቸኩለውን አስቀድማለሁ። የተሸጡትን ልጓሞች በሙሉ ሰብስቡ። ሦስቱን ብቻ አይደለም፤ ሁሉንም። አንዱም ፈረስ አፍ ውስጥ እንዳያድር። በእኔ ሥዕል ላይ ፊት ሆኖ የሚታየው የጠፍሩ ጀርባ ነው። ሰፊዎቹ የመጀመሪያውን መርፌ ከተቃራኒው ወገን ያስገቡ፤ ላይኛው ክር ታችኛው ይሁን። ያን ጊዜ ሲሳብ ይጠብቃል። አሁን እንዳለው ግን ሲሳብ ይፈታል፤ ዛሬ ያልተፈታው ነገ ይፈታል።

ከዚህ በታች ያለውን ለባለመደብሯ ማንበብ አያስፈልግህም።

ምንም አልደበቅኩህም። ስህተቱን እኔም ያወቅኩት ደብዳቤህ ከመጣ በኋላ ነው። ወረቀትህ «ለሌላ ሰው ከማሳየት» ካለኝ ቀን ጀምሮ ጋሪ ነጂውን ፊት ለፊቴ ባለው በርጩማ ላይ አስቀምጬ ስፌቱን አስተምረዋለሁ። ጣቶቹ እንደ በቆሎ ናቸው፤ መርፌው ይጠፋበታል፤ ግን ይማራል። ሥዕሉን ስልክልህ ያስቀረሁትን ግልባጭ አውጥቼ ሰጠሁት። ሥዕሉን ያያል፣ እጄን ያያል፣ መልሶ ሥዕሉን ያያል።

«እትዬ፣ ሥዕሉ እኮ ልክ ነው።»

«ልክ ከሆነ ለምን ይፈታል?»

«ከእኔ ወገን ሆኜ ሳየው ልክ ነው። አንቺ ደግሞ ከወዲያ ነሽ።»

መርፌው ከእጄ ወደቀ። አባዬ ጠፍሩን በጉልበቶቹ መሐል አቁሞ ሲሰፋ እሱ የሚያየው አንዱን ፊት ነው፤ እኔ የማየው ሌላውን። እጄ ሲሰፋ የኖረው ከአባዬ ወገን ሆኖ ነው። ዓይኔ ግን የተማረው ከፊት ለፊቱ ነው፤ የሣልኩልህም በዓይኔ ነው። «ከበርጩማ ወደ በርጩማ እንጂ በሌላ መንገድ አይሄድም» ያለው ለዚህ ነበር። እኔ ምስጢር ለመጠበቅ መስሎኝ ነበር። በሌላ መንገድ ሲሄድ ሰው ይጥላል ማለቱ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ልጓሙን የለቀቅኩት እኔ ነኝ። መታቀብ የነበረብኝ ኅዳር ላይ ነበር፣ እጄ ሦስት ቀን እምቢ ሲለኝ። የልጅቱ ክንድ ግማሹ የእኔ ነው። ግማሹን ግን አልወስድልህም።

ጋሪ ነጂው ነገሩን ሲሰማ በርጩማውን ገፍቶ ተነሣ። «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» አለ፤ ከዚያ ደግሞ «ዝም በይ። እንዳትነግሪው! ይተርተርበት! ዓለም አየው አይደል ያለሽ? እንግዲህ ዓለም ሲተረተር ይየው!» አለ።

እውነቱን ልንገርህ፣ ዝም ለማለት እጄ በላኝ። አራት ቀን ዝም አልኩ። ዝም ብዬ ብቀር ማንም አያውቅብኝም ነበር፤ ደስም ብሎኝ ነበር። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አንተ ትንሽ ነበርክ፣ ምናልባት አታስታውሰውም። አባዬ አንድ ልጓም ሸጦ፣ ገዢው መንገድ ከገባ በኋላ አንድ ቀዳዳ መዝለሉ ትዝ አለው። ያን የሚያመውን እግሩን እየጎተተ ገበያው ድረስ ተከተለው፤ ሰው ሁሉ እያየ ልጓሙን በቢላዋ ቆረጠው። ሰውየው ደግሞ ሁልጊዜ የሚሰድበን ጎረቤታችን ነበር። «ለዚህ ሰው ነው እንዲህ የምትሆነው?» ስለው፣ «ለሰውየው ማን አለሽ? ፈረሱ ምን አደረገኝ?» አለኝ። ስለዚህ ነገርኩህ። ለአንተ ብዬ አይደለም።

መዝገበ ቃላቱ ደርሷል። እንደ ፍርድ ቤት መዝገብ ከባድ ነው። መጀመሪያ የፈለግኩት ያንኑ ቃል ነው፤ ስትዋሽ ልይዝህ ብዬ። አልዋሸኸኝም። ላቲኑም አለ፣ ፈረንሳይኛውም አለ፣ ልጓሙም አለ። የነገርከኝ ሁሉ እውነት ነበር። ብትዋሸኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር፤ ሰው ቃል ባያውቅ ይማራል። አንተ ግን ቃሉን እስከ ሥሩ አውቀህ፣ ለእኔም አስተምረህ፣ ከዚያ አፌ ውስጥ ልታስገባው መጣህ።

የጠየቅኩህን አንዱን ጥያቄ አልመለስክም። ባለመመለስህ መለስክልኝ።

ወረቀቱን አልፈረምኩም፤ አልመልስልህምም። ከመጠቅለያዎቹ ጋር ዳምጬ ሳጥኔ ውስጥ አስገብቼዋለሁ። ገና ብዙ የማላውቃቸው ቃላት አሉበት። አሥራ ሁለቱን ልጓም ለግልቢያው ትምህርት ቤት አስረክቤያለሁ፤ በዓይኔ ፊት ፈረስ ላይ አድርገው ሲስቡት ቆሜ አየሁ። ጠበቀ። ስምንት ተጨማሪ አዘዋል፤ እሠራለሁ። ጠበቃችሁ መምጣት ከፈለገ በሩን በትከሻው ይግፋ።

ከሥራ ያወጡኛል ላልከው፣ እኔ ምንም ማድረግ አልችልም። መርፌውን በየትኛው ወገን እንደሚያስገቡ ስትነግራቸው ምናልባት ይተዉህ ይሆናል። ምናልባትም እንዴት አወቅክ ብለው ይጠይቁህ ይሆናል። ያን ጊዜ የምትለውን አንተ ታውቃለህ፤ ባዶ በርጩማ የለኝም እንጂ መጥተህ ተማር እልህ ነበር።

ቂም አልይዝም፤ ለቂም የሚተርፍ ጣት የለኝም። የአባዬን ስፌት ከመስፋት አልታቀብም፣ ከማሳየትም አልታቀብም። ግን ያስተማርከኝ ቃል በከንቱ እንዳይቀር አንድ ነገር አግኝቼለታለሁ። ማድረግ እየቻልኩ፣ አፌንም እየበላኝ፣ ማንም ሳይከለክለኝ የምተወው ነገር። ደብዳቤውን ስጀምር በለመደው እጄ ልጽፈው ነበር፤ ያዝኩት። መጨረሻው ላይም መጣብኝ፤ እሱንም ያዝኩት። አርባ ዓመት ወንድሜ ስልህ ኖሬአለሁ።

ሰፊዋ